ኤክስፒን ከዊንዶውስ 7 ጎን ጫንኩ፤ አሁን «ሃል.ዲኤልኤል ጠፍቷል» ብሎ አልነሳም አለኝ

የኔጋቲቭ_ሳጥን | ቅዳሜ ማታ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ከአንድ ጥቁር ስክሪን ጋር ተፋጥጫለሁ። የሚያውቅ ካለ እባካችሁ እርዱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ ያነሳቸው ፎቶዎች ኔጋቲቭ ካርቶን ሙሉ አለኝ። ወደ ኮምፒውተር የማስገባቸው በአሮጌ የፊልም ስካነር ነው። ስካነሩ የሚገናኘው በፋየርዋየር ነው (ከዩኤስቢ የተለየ የድሮ ገመድ)፤ ድራይቨሩ፣ ማለትም ስካነሩን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ደግሞ ከኤክስፒ አላለፈም። ኮምፒውተሬ ላይ ያለው ግን ዊንዶውስ 7 ነው። ስለዚህ ሰባቱን ሳልነካ ኤክስፒን ከጎኑ ልጫን ብዬ ተነሳሁ።

መጀመሪያ ሲዲው ገና ሲጀምር ሰማያዊ ስክሪን መጣ። የኮዱ መጨረሻ 7ቢ ይላል። አንድ ቦታ ያነበብኩትን ይዤ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ገባሁና የሃርድ ዲስኩን የአሠራር ሞድ ከአዲሱ ኤኤችሲአይ ወደ ድሮው አይዲኢ ቀየርኩት። ከዚያ በኋላ ጭነቱ ያለ ችግር አለቀ። ኤክስፒ ተነሳ። ስካነሩንም ወዲያው አወቀው። በጣም ነበር ደስ ያለኝ።

ሐሙስ ማታ ዘግቼው አርብ ጠዋት ስከፍተው ግን ይሄ መጣ፦

«ዊንዶውስ ሊነሳ አልቻለም። የሚከተለው ፋይል ጠፍቷል ወይም ተበላሽቷል፦ ሲስተም32\ሃል.ዲኤልኤል። እባክዎ ይህን ፋይል እንደገና ይጫኑ።» (እኔ ነኝ ወደ አማርኛ የመለስኩት።)

ዊንዶውስ 7ም አይመጣም። ምርጫ እንኳ አይሰጠኝም። ምንም አልነካሁም። ፋይሉ በአንድ ሌሊት የት ሄደ?

ፈጣኑ_ልጅ | ቅዳሜ ማታ 3፡41

እህቴ አይዞሽ፣ ቀላል ነው። መልእክቱ ራሱ መፍትሔውን ነግሮሻል። የኤክስፒ ሲዲውን አስገቢና ከሱ አስነሺው። ሰማያዊው ገጽ ላይ «አር» ስትጫኚ ሪከቨሪ ኮንሶል (ትዕዛዝ እየጻፉ የሚጠግኑበት ገጽ) ይከፈታል። የዊንዶውሱን ቁጥር ይጠይቅሻል፣ ከዚያ የአድሚን ፓስዎርድ። ካላወጣሽለት ዝም ብለሽ ኢንተር በይ።

ከዚያ ሲዲው ላይ አይ386 የሚል ፎልደር አለ። እዚያ ውስጥ ሃል.ዲኤል_ የሚለውን ፋይል ወደ ሲስተም32 ኮፒ አድርጊ። ይተካ ወይ ሲልሽ «አዎ» በይ። ሪስታርት። አለቀ።

ሌሊት_ሠራተኛ | ቅዳሜ ማታ 4፡05

ሰባቱ ፕሮፌሽናል ወይም አልቲሜት ከሆነ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ኤክስፒ ሞድ የሚባል ነገር አለው። ኤክስፒን በሰባቱ ውስጥ እንደ አንድ ፕሮግራም ትከፍቺዋለሽ። ዲስክ አትነኪም፣ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፋይ) አትነኪም።

የኔጋቲቭ_ሳጥን | ቅዳሜ ማታ 4፡30

@ፈጣኑ_ልጅ ያልከኝን አደረግኩ። «1 ፋይል ተገልብጧል» አለኝ። ሪስታርት አደረግኩ። ያው መልእክት፣ ያው ቃል በቃል። አሁን ፋይሉን በእጄ አስገብቼለት እንኳ ጠፍቷል ይለኛል!

@ሌሊት_ሠራተኛ ሞክሬው ነበር። ስካነሩን ጨርሶ አያየውም።

ዘጠና_አምስት | ቅዳሜ ማታ 5፡12

እህቴ፣ እባክሽ ከዚህ በኋላ ምንም ፋይል አትገልብጪ። ጨርሶ ፎርማትም አታድርጊ። ዳታሽ ያለ ይመስለኛል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

በመጀመሪያ ኤክስፒ ሞዱን ላንሳ። እሱ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ነው የሚሠራው። ዩኤስቢ ያሳልፋል፣ ፋየርዋየር ግን አያሳልፍም። የዩኤስቢ ስካነር ቢሆን ኖሮ እኔም የመጀመሪያ ምክሬ እሱ ነበር። ላንቺ ግን እውነተኛ ኤክስፒ በእውነተኛ ዲስክ ላይ ያስፈልግሻል። ሐሳብሽ ትክክል ነው።

አሁን ወደ ስሕተቱ። እኔ እንዲህ ዓይነት መልእክት ሲያጋጥመኝ ስለ የትኛው ፋይል ነው ከማለቴ በፊት የሚናገረው ማን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ምክንያቱም ኮምፒውተር ሲነሳ አንዱ ለአንዱ እያቀበለ ነው። ባዮሱ የዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር ያነባል። ያ ሴክተር «አክቲቭ» የተባለውን ፓርቲሽን ፈልጎ ለሱ ቡት ሴክተር ያስረክባል። ኤክስፒ ከሆነ ቡት ሴክተሩ ኤንቲኤልዲአር የሚባለውን ፋይል ይጠራል። ኤንቲኤልዲአር ደግሞ ቡት.ኢኒ የምትባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ያነባል። ዊንዶውስ የትኛው ዲስክ፣ የትኛው ፓርቲሽን ላይ እንዳለ የተጻፈው እዚያ ነው። ከዚያ ወደዚያ አድራሻ ሄዶ ከርነሉን (የዊንዶውስን እምብርት) እና ሃልን ወደ ሜሞሪ ያስገባል።

አንቺ ጋ መልእክቱን የጻፈው ኤንቲኤልዲአር ነው። ስለዚህ ከሱ በፊት ያለው ሁሉ ደኅና ነው። ዲስኩም ይነበባል። ኤንቲኤልዲአር ቡት.ኢኒን አንብቦ ወደተነገረው ፓርቲሽን ሄደ፤ እዚያ የዊንዶውስ ፎልደር የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ሃል የለም አለ። አልዋሸም። የሄደበት ፓርቲሽን ውስጥ በእርግጥም የለም።

ሰባቱ የማይመጣውም ለብቻው ምክንያት አለው። ሰባት የሚነሳው በኤንቲኤልዲአር አይደለም፤ ከቪስታ ጀምሮ ቡትኤምጂአር የሚባል ሌላ አስነሺ ነው ያለው። ኤክስፒ የወጣው በ2001፣ ቪስታ ለሕዝብ የወጣው በ2007 ነው። አሮጌው አዲሱን ከየት ያውቀዋል? ሲጫን ቡት ሴክተሩን በራሱ ይተካዋል፤ ሰባቱን ጠርቶ የሚያስነሳው ይጠፋል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ አሮጌው ቀድሞ፣ አዲሱ ኋላ ይጫን የሚባለው። ግን ይስተካከላል። እሱን መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

አሁን አንድ ጥያቄ፣ በደንብ አስቢበት። ኤክስፒ በደንብ ከተነሳ በኋላ ዲስኩ ላይ አዲስ ፓርቲሽን ሠርተሻል? ወይ አጥፍተሻል?

የኔጋቲቭ_ሳጥን | ቅዳሜ ማታ 5፡25

ጋሼ... አዎ።

ሐሙስ ማታ ልተኛ ስል ለፎቶዎቹ የሚሆን ቦታ ልለይ ብዬ ከባዶው ቦታ አንድ ፓርቲሽን ሠራሁ። በፍላሽ ያለኝ የፓርቲሽን ፕሮግራም ነው። ኤክስፒውን ስላልነካሁ ምንም አልነካሁም ብዬ ጻፍኩ። ባዶ ቦታ ነበር እኮ።

ዘጠና_አምስት | ቅዳሜ ማታ 5፡33

ጥሩ። ይኸው ተገኘ ማለት ነው፣ ግን ሳናይ አንፍረድ። ሪከቨሪ ኮንሶል ግቢና ሁለት ነገር ጻፊ። አንደኛው ማፕ፣ ክፍት ቦታ፣ አርክ። ሁለተኛው ቡትሲኤፍጂ፣ ክፍት ቦታ፣ ወደ ፊት ያዘመመ ሰረዝ፣ ሊስት። ሁለቱም ያሳያሉ እንጂ ምንም አይለውጡም። ያወጡትን እንዳለ ጻፊልን።

የኔጋቲቭ_ሳጥን | ቅዳሜ ማታ 6፡02

ማፕ አርክ አራት መስመር ሰጠኝ። ኤክስፒው ያለበት የመጨረሻው ነው፦

መልቲ(0)ዲስክ(0)አርዲስክ(0)ፓርቲሽን(4)

ሊስት ያልከኝ ደግሞ አንድ ብቻ፦

መልቲ(0)ዲስክ(0)አርዲስክ(0)ፓርቲሽን(3)\ዊንዶውስ

አንዱ 3 ይላል፣ አንዱ 4 ይላል!

ዘጠና_አምስት | ቅዳሜ ማታ 6፡20

አየሽ? ሙሉ ሕመሙ ያቺ አንዲት ቁጥር ናት።

ለምን እንደተለወጠች ልንገርሽ። ኤክስፒን የጫንሽው ሎጂካል ፓርቲሽን ላይ መሆን አለበት። ፕራይመሪ የሚባለው ራሱን የቻለ ዋና ክፋይ ነው፤ ሎጂካል የሚባለው ኤክስቴንድድ በሚባል ቅርፊት ውስጥ ያለ ክፋይ ነው። አቆጣጠሩ መጀመሪያ ፕራይመሪዎቹን ሁሉ ይቆጥራል፣ ከዚያ ወደ ሎጂካሎቹ ይሄዳል። ቅርፊቱ ራሱ አይቆጠርም። ኤክስፒን ስትጭኚ አንደኛው ሰባቱ ለራሱ የሚሠራት 100 ሜጋባይት ነበረች፣ ሁለተኛው ሰባቱ ራሱ፣ ሦስተኛው ኤክስፒ። አንቺ ፕራይመሪ ፓርቲሽን ስትጨምሪ እሱ 3 ሆነና ኤክስፒ ወደ 4 ተገፋ። በዲስኩ ላይ ከቦታው አንድ ስንዝር አልተነቃነቀም። ቡት.ኢኒ ግን ዛሬም 3 ይላል። ኤንቲኤልዲአር የሚሄደው ወደ ባዶው የፎቶ ፓርቲሽንሽ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ሌላም የሚያነብ ካለ፦ አርዲስክ የሚቆጥረው ከ0 ነው፣ ፓርቲሽን የሚቆጥረው ከ1 ነው። ብዙ ሰው በእጁ ሲያስተካክል እዚህ ጋ ይሳሳታል።

ማስተካከያው። እዚያው ኮንሶሉ ላይ ቡትሲኤፍጂ፣ ያዘመመ ሰረዝ፣ ሪቢልድ። ዲስኩን ፈትሾ ያገኘውን ዊንዶውስ ያሳይሻል። ሰባቱንም ሊያሳይ ይችላል፤ እሱን «አይ» በይ። ኤክስፒው ላይ «አዎ» በይ። ስም ይጠይቅሻል፣ «አዲሱ ኤክስፒ» በይው፣ በላቲን ፊደል ብቻ። የማስነሻ አማራጭ ሲጠይቅሽ ያዘመመ ሰረዝና ፋስትዲቴክት። አሮጌውን መስመር አያጠፋውም፣ ስለዚህ ሲነሳ ሁለት ስም ታያለሽ። አዲሱን ምረጪ።

ፈጣኑ_ልጅ | ቅዳሜ ማታ 6፡31

ይሄን ዓመታት ሙሉ ፋይል በመገልበጥ ነበር የምመልሰው። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። ለምን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ።

የኔጋቲቭ_ሳጥን | እሑድ ጠዋት 2፡10

ቁጥሩ ተስተካከለ። ሃል ጠፍቷል የሚለው ቀረ! የኤክስፒ አርማ ብቅ ሊል ሲል ግን ሰማያዊ ስክሪን። ኮዱ መጨረሻው 79 ነው። ሦስቴ ሞከርኩ። አሁንስ?

ዘጠና_አምስት | እሑድ ጠዋት 2፡48

ይሄን ነበር የፈራሁት። ይሄኛው ሌላ ችግር ነው፣ የመጣውም ትናንት ከተገለበጠው ፋይል ነው።

ሃል ማለት በከርነሉና በማዘርቦርዱ መካከል ያለ ንብርብር ነው። ሲዲው ላይ አንድ ሃል ብቻ አይደለም ያለው። ለተለያየ ማሽን የተለያየ ሃል አለ። ሴትአፕ ማሽኑን ያይና የሚስማማውን መርጦ ሲስተም32 ውስጥ ሲያስገባው ስሙን ሃል.ዲኤልኤል ይለዋል። ሁሉም ሲጫኑ አንድ ስም ነው የሚይዙት። ሲዲው ላይ ሃል.ዲኤል_ የሚለው ግን የተራው፣ የድሮው ባለ አንድ ፕሮሰሰር ማሽን ነው። ያንቺ ከአንድ በላይ ኮር ካለው ከርነሉ ለብዙ ፕሮሰሰር የተሠራው ነው። አሁን ከርነሉና ሃሉ አይጣጣሙም። 79 ማለት ይኸው ነው፦ ሃሉ ከከርነሉ ጋር አልገጠመም።

ደግነቱ ሴትአፕ የመረጠውን መዝግቦ ያስቀምጣል። ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ሪፔር የሚል ፎልደር አለ፣ እዚያ ሴትአፕ.ሎግ። ኮንሶሉ ላይ ታይፕ ብለሽ ክፈቺውና ሃል.ዲኤልኤል የሚልበትን መስመር ፈልጊ። ከእኩል ምልክቱ ቀጥሎ የትኛው ሃል እንደነበረ ይነግርሻል። ረጅም ፋይል ነው፣ ታገሺ።

የኔጋቲቭ_ሳጥን | እሑድ ጠዋት 3፡30

ዓይኔ ፈዘዘ ግን አገኘሁት። \ዊንዶውስ\ሲስተም32\ሃል.ዲኤልኤል ይልና ከእኩል ቀጥሎ «ሃልኤምኤሲፒአይ.ዲኤልኤል» ይላል።

ዘጠና_አምስት | እሑድ ጠዋት 3፡37

እንደጠበቅኩት። «ኤም» ያለበት ባለ ብዙ ፕሮሰሰሩ ነው። አሁን መጀመሪያ ሲስተም32 ውስጥ ያለውን ሃል ስሙን ቀይሪው፣ ሃል.ኦልድ በይው። አታጥፊው። ከዚያ ከሲዲው አይ386 ውስጥ ሃልኤምኤሲፒአይ.ዲኤል_ የሚለውን ኮፒ አድርጊ፤ መድረሻው ላይ ስሙን ሃል.ዲኤልኤል ብለሽ ጻፊ። ኮንሶሉ ውስጥ ኮፒ የሚለው ትዕዛዝ የታመቀውን ፋይል ራሱ ይፈታዋል። የድራይቭ ፊደሎቹ ኤክስፒ ውስጥ ከምታውቂያቸው ይለያሉ፣ ስለዚህ ከመገልበጥሽ በፊት የቆምሽበትን ፎልደር አረጋግጪ።

ፈጣኑ_ልጅ | እሑድ ጠዋት 3፡50

እህቴ ይቅርታ። ሰባ ዘጠኙን ያመጣሁብሽ እኔ ነኝ። ቢያንስ አሮጌውን ስም ቀይረሽ አስቀምጪ ማለት ነበረብኝ። ከልቤ ነው የማዝነው። በሌሎች ሁለት ጥያቄዎች ላይም ይህንኑ ምክር ሰጥቼ ነበር፤ አሁን ሄጄ አርሜዋለሁ።

የኔጋቲቭ_ሳጥን | እሑድ ጠዋት 4፡15

ተነሳ!!! ዴስክቶፑ መጣ። ያ አረንጓዴ ኮረብታ እንዲህ ይናፍቃል ብዬ አስቤ አላውቅም።

@ፈጣኑ_ልጅ ምንም አይደለም ወንድሜ። እኩለ ሌሊት ድረስ አብረኸኝ ነው ያመሸኸው። ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። አሁን ሰባቱ ቀረ።

ዘጠና_አምስት | እሑድ ከሰዓት 8፡05

እሰይ። ወደ ሰባቱ።

የሰባቱን ዲቪዲ አስገቢ፣ ከሱ አስነሺ፣ «ኮምፒውተርህን ጠግን» የሚለውን ምረጪና ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቺ። ትዕዛዙ ቡትሴክት ነው፤ ቀጥሎ ያዘመመ ሰረዝና ኤንቲ60፣ ከዚያ ክፍት ቦታና ሲስ። ይሄ ቡት ሴክተሩን መልሶ ለቡትኤምጂአር ይሰጠዋል። ቡትኤምጂአር ራሱ እዚያችው 100 ሜጋባይት ውስጥ አለ፣ ኤክስፒ አላጠፋውም፤ የሚጠራው ብቻ ነው ያጣው።

ግን ሪስታርት ስታደርጊ ሰባቱ መጀመሪያ በ7ቢ ሰማያዊ ስክሪን ቢቀበልሽ አትደንግጪ። እሱን የጫንሽው በኤኤችሲአይ ነበር፣ አሁን ግን ባዮሱ አይዲኢ ላይ ነው። ሰባት የማይጠቀምበትን የዲስክ ድራይቨር ሲነሳ አይጭነውም። ስለዚህ ባዮሱን ወደ ኤኤችሲአይ መልሺ፣ ሰባቱ ውስጥ ግቢ፣ ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች መዝገብ) ክፈቺ። ሰርቪስስ ስር ፒሲአይአይዲኢ፣ ኢንቴልአይዲኢ እና አታፒ የሚሉትን ፈልጊ። እያንዳንዱ ውስጥ ስታርት የሚለውን ዋጋ 0 አድርጊው። ከዚያ ባዮሱን ወደ አይዲኢ። ከዚህ በኋላ ሁለቱም በአንድ ሞድ ይነሳሉ።

ኤክስፒን ወደ ሰባቱ ሜኑ ለማስገባት ኢዚቢሲዲ የሚባለውን ፕሮግራም ተጠቀሚ። በእጅ ቢሲዲኤዲት በሚባለው ትዕዛዝም ይሆናል፣ ግን ደክሞሻል።

ሌላ ሁለት ነገር። ኤክስፒ የሰባቱን ፓርቲሽን ባየ ቁጥር የሰባቱን ሪስቶር ፖይንቶች ያጠፋል። የታወቀ ችግር ነው፤ እነሱ ላይ አትተማመኚ። ኤክስፒውንም ኢንተርኔት ላይ አታውጪው። የደኅንነት ማሻሻያው የቆመው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2014 ነው። የኔትወርክ ካርዱን ድራይቨር ባትጭኚለት እንኳ ስካነሩ አይጎዳም።

አዲስ_ላፕቶፕ | እሑድ ከሰዓት 9፡40

ይቅርታ በመሃል ገባሁ። የእኔ ዲስክ ጂፒቲ (አዲሱ የዲስክ አከፋፈል) ነው። ይሄ ሁሉ ለእኔም ይሠራል?

ሌሊት_ሠራተኛ | እሑድ ከሰዓት 9፡52

አይሠራም። ባለ 32 ቢት ኤክስፒ ጂፒቲ ዲስክን አያነብም፣ ከሱም አይነሳም። ዲስኩን ወደ ኤምቢአር (ወደ ድሮው አከፋፈል) ልቀይር ካልክ ደግሞ ያለህ ዊንዶውስ አይነሳልህም። ወይ ለብቻው ሌላ አሮጌ ማሽን ፈልግ፣ ወይ መሣሪያህ በዩኤስቢ ከሆነ ቨርቹዋል ማሽን ተጠቀም። ለራስህ ጥያቄ አዲስ ርዕስ ክፈት፣ እዚያ እንረዳዳለን።

የኔጋቲቭ_ሳጥን | ሰኞ ማታ 2፡45

ሁሉም ሆነ። ስከፍተው ሁለት ስም ይመጣል፦ ዊንዶውስ 7 እና አዲሱ ኤክስፒ። ሰባቱ እንዳልከው በ7ቢ ተቀበለኝ፣ እንዳልከው አደረግኩ፣ ተነሳ። የቡት.ኢኒን ኮፒ ፍላሽ ላይ አስቀምጫለሁ። የዲስኩን አከፋፈልም ከነቁጥሩ በወረቀት ጽፌ ኬዙ ውስጠኛ ሽፋን ላይ ለጥፌዋለሁ። ለፎቶው የሠራሁትን ፓርቲሽን እንዳላጠፋው ራሴን አስጠንቅቄያለሁ፤ ካጠፋሁት 4ቱ ተመልሶ 3 ይሆናል። ትክክል ነኝ ጋሼ?

ዘጠና_አምስት | ሰኞ ማታ 2፡58

ትክክል ነሽ። ማጥፋት ግድ ከሆነ ቀድመሽ ቡት.ኢኒ ላይ ባለ 3ቱን መስመር እንዳለ ተይው። አሁን አሮጌው መስመር እዚያው ስላለ ያኔ እሱን ትመርጫለሽ።

የኔጋቲቭ_ሳጥን | ሰኞ ማታ 4፡20

ገባኝ። አሮጌውን መስመር አልነካውም።

የመጀመሪያው ሮል አሁን ገብቶ አለቀ፣ 36 ፍሬም። ስድስት ስድስት እየሆኑ የተቆረጡ ናቸው። አስራ አንደኛው ላይ አባቴ ራሱ አለ፤ መስታወት ፊት ቆሞ፣ ካሜራው ፊቱን ግማሽ ሸፍኖት። ይህን ፎቶ ታትሞ አይቼው አላውቅም።